የመንደራችን ሙዚየም፦ ከመንዝ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 2011

እድራችን አሮጌውን የእህል መጋዘን ሰጠን። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከጎኑ አንዲት እናት የኖሩበት የጓሳ ሣር ክዳን ቤት አለ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ሰው አልገባበትም። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። ደውለን ስናማክራቸው «የእማዬ ቤት ከሚፈርስ ሰው ይግባበት» አሉን። እንግዲህ ቤት አግኝተናል።

ያለነው መንዝ ጌራ ምድር ነው፤ ከመሐል ሜዳ ብዙም አንርቅም። አገሩ ደጋ ነው፣ ውርጭ ያቃጥላል። የምንበላው ገብስ ነው፣ የምንለብሰው የበግ ጸጉር፣ ቤታችንን የምንከድነው ጓሳ። እኔ እዚሁ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ልጆቹ ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ ሲጠየቁ ይመልሳሉ። «አያትህ ገሳ (የሣር ካባ) ለብሰው ያውቃሉ?» ስላቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ።

ያስቸኮለን ሌላም ነገር አለ። ከከተማ የሚመጡ ገዢዎች በየቤቱ እየዞሩ ሞሰብ፣ ዋንጫ፣ አገልግል፣ አሁን አሁንማ ቀንበር ሳይቀር ይገዛሉ። ዕቃው ሄዶ የባህል ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ቢያንስ አልተጣለም ሊባል ይችላል። ግን ማን አረሰበት? በየትኛው ማሳ? ማን ጠረበው? አንድ ቃል አይጻፍበትም። የሸጠው ቤተሰብ ደግሞ የሚያገኛት ገንዘብ ለአንድ ሳምንት አስቤዛም አትሞላም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ብዙ ሰው «እኛ ምን አለንና? ሙዚየም የንጉሥ ዘውድ ያለበት ነው» አለ። ጎራዴና ጋሻ ያላቸው ቤቶች ቀድመው እጃቸውን አወጡ። እነሱንም እንቀበላለን። ነገር ግን የወፍጮ መጅ ለመስጠት ያፈሩት እናት ናቸው በጣም ያሳሰቡኝ። ከጎራዴው ይልቅ መጁ በዚህ አገር ብዙ ሰው አኑሯል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ተስማማን። የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት አንነካም። ቤተ ክርስቲያን የራሷ ዕቃ ቤትና የራሷ ጠባቂ አላት።

ጥቅምት

ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋገርን። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅም ሊሆን እንደሚችል ያውቃል፤ ባለቤቱ ግን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ይህን ለሕዝቡ ማስረዳት ጠቅሞናል። ብዙ ሰው «ቅርስ ነው ካላችሁ መንግሥት ይወስድብናል» የሚል ስጋት ነበረው።

መዝገብ ገዛን። ኮምፒውተር ኋላ ይደርሳል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ የሒሳብ መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር እንሰጣለን፦ መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ የሰጪው ተራ፣ ቀጥሎ የዕቃው ተራ። 2011/4/2 ማለት በ2011 አራተኛው ሰጪ ያመጡት ሁለተኛ ዕቃ ነው። ይህ አቆጣጠር ሙዚየሞች በየአገሩ የሚሠሩበት ነው። ጥሩነቱ፣ አንድ ቤተሰብ ያመጣቸው ዕቃዎች ዘመድነታቸው አይጠፋም።

ዕቃው ላይ በማርከር አንጽፍም። እንጨት፣ ሸክላና ብረት ከሆነ ቁጥሩን በእርሳስ የተጻፈበት ካርድ በጥጥ ክር እናስራለን። ጨርቅ ከሆነ ቁጥሯን በቁራጭ ጥብጣብ ጽፈን ጥጉ ላይ በሁለት ስፌት ብቻ እንይዛለን። እርሳስ ውሃ ቢነካው አይፈስም፣ ዘመንም አይሽረውም። እስክርቢቶ ግን ይፈሳል።

ቅጹ ላይ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ ማን ሰጠ፣ ከማን ወረሰ፣ ለምን ሥራ ነበር፣ መቼ ሥራ አቆመ፣ ስጦታ ነው ወይስ አደራ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ማን ሠራው?» የሚል አለ። አደራ ካሉ ዕቃው የእሳቸው እንደሆነ ይጻፋል፤ በፈለጉ ጊዜ ይወስዱታል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ምስክር ይፈርም አሉ። የመሬት ውል እንኳ እንዲህ አይጠበቅም አልኳቸው። «መሬትማ አይጠፋም» አሉኝ።

ደንባችን አንድ ናት። ታሪኩ ሳይጻፍ ዕቃው ደጃፍ አያልፍም። ሰጪው ቁጭ ይላሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ያወራሉ፣ ይጻፋል። ከዚያ ዕቃው ይገባል። ቀኑን የሚበላ አሠራር ነው፤ ግን አንዱንም አልዘለልነውም።

ኅዳር

አዝመራ ስለሆነ ሰው የለም። የመጣው ግን ጥሩ መጣ።

ሞፈር ከነወገሉ፣ ድግር፣ መንሽ፣ ላይዳ። የቁርበት አልጋ ልብስ። ኩራዝ። ጎታ፤ እሱ ግን ከቤቱ በር ስለማይወጣ ባለበት ፎቶ አንስተን ተውነው። ጎታ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ቤት ውስጥ ነው የሚሞተው።

አንድ የጠላ ጋንም መጣ። ትልቅ ነው፤ ለሠርግና ለተዝካር የሚጠመቅበት። የሰጡት አባት «ከአያቴ ነው» ብለዋል። ሆዱ ላይ ጥላሸት አለበት፤ አፉ አካባቢ የጌሾ አተላ ደርቋል። ተማሪዎቼ ውሃ ይዘው መጡ፤ ሊያጥቡት። አይሆንም። ጥላሸቱ ጋኑ ምን እየሠራ እንደኖረ ይነግረናል። ከታጠበ ከገበያ የመጣ ጋን ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አነሳን። ብረቱንም በአሸዋ አንፈገፍግም፣ ቁርበቱንም ቅቤ አንቀባም። ዕቃው ደርቆ ይቀመጣል፤ በቃ።

«ማን ሠራው?» ለሚለው ግን መልስ የለም። የጋኑ ባለቤት «ከገበያ ነው» አሉ። የማረሻው ባለቤት «ቀጥቃጭ ነዋ» አሉ። የትኛው? «ኧረ ስሙን ማን ያውቃል!» የማንኛው አያት ዕቃ እንደነበረ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የሠራው እጅ ሲጠየቅ ዝም ነው። መዝገቡ ላይ ያቺ ዐምድ ባዶዋን እየወረደች ነው።

ታኅሣሥ

የወረቀት ጉዳይ። ብዙ ቤት የንጉሡ ዘመን የግብር ደረሰኝ አለው። በእራፊ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሣጥን ታች። ሰው ይህን ለማንም አይሰጥም፣ ልክም ነው። ለአባቶቻችን ደረሰኝ የርስት ምስክር ነበር። ስለዚህ አንወስድም። በባለቤቱ ፊት፣ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ በስልክ ፎቶ እናነሳለን። ወረቀቱ ወዲያው ይመለሳል። በፕላስቲክ ማሸግ (ላሚኔት ማድረግ) ያሰቡ ነበሩ፤ ለምነን አስተውናቸዋል። በሙቀት የታሸገ ወረቀት ተመልሶ አይወጣም። የተቀደደውንም በፕላስተር መለጠፍ አይገባም፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል።

ከሁሉ የደነቀኝ የእድሩ መዝገብ ነው። ማን ስንት አዋጣ፣ ለማን ቀብር ድንኳን ወጣ፣ ማን በምን ምክንያት ተቀጣ። በ1977 ድርቅ ጊዜ ጽሕፈቱ ይቀጥናል። መዋጮው «ቀረ» ይላል፣ እንደገና «ቀረ» ይላል። ቀጥሎ የሟች ስም ብቻ ይደረደራል። ጸሐፊው አንድም የሐዘን ቃል አልጨመሩም። ያን ገጽ ለልጆቹ ጮክ ብዬ ማንበብ አልቻልኩም፤ ራሳቸው በተራ አነበቡት።

ጥር

ሥራ ቀለል ስላለ ድምፅ መቅዳት ጀመርን። መሣሪያችን ስልክ ነው። ኢንተርኔቱንም ጥሪውንም ዘግተን፣ ዶሮና ልጅ ከሌለበት ክፍል፣ ስልኩን ባና (የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ) ላይ አስቀምጠን። ባናው ድምፅ አያስተጋባም። መጀመሪያ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተናጋሪው ስምና ፈቃዳቸው በራሳቸው ድምፅ ይቀዳል። ማታውኑ ሁለት ቦታ ይገለበጣል፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ደብረ ብርሃን ያለ ወዳጅ ቤት። ሐረር ላይ አብዱላሂ ሸሪፍ ከመጻሕፍቱና ከዕቃው ጋር የድሮ ዘፈንና የድምፅ ክር ጭምር ሰብስበው ሙዚየም ማቆማቸው ለዚህ ሥራ አበርትቶኛል። አንድ ሰው ከቤቱ ጀምሮ ነው እዚያ የደረሰው።

ጥያቄ ማውጣት ይከብዳል። «ስለ ድሮው ይንገሩን» ካልናቸው የሚመልሱት «ድሮማ ጥጋብ ነበር» የሚል ነው። «መጀመሪያ ያረሱበት በሬ ስሙ ማን ነበር?» ስንላቸው ግን ፊታቸው ይበራል። ከበሬው ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ባላገሩና ወደ ጭሰኛው፣ ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጁ ወደወጣበት ቀን ራሳቸው ይደርሳሉ።

አንዲት እናት በ1971 ስለተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲያወሩ ጣታቸውን አፈሩ ላይ አድርገው «ሀ»ን ጻፉልን። ማታ ማታ በኩራዝ ነው የተማሩት። ባላቸው ተቆጥተው ነበር። የምስክር ወረቀታቸውን ለሙዚየሙ በአደራ ሰጡ፤ በስጦታ አይሆንም አሉ።

ከአንድ አዛውንት ጋር ደግሞ ስለ ዘረት አወራን። በሚያዝያ 1931 የጣሊያን ጦር በሰሜን ሸዋ ዘረት ላይ፣ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ቦታ፣ የተጠለሉትን አርበኞች ከነቤተሰባቸው ከቦ የመርዝ ጋዝ ተጠቀመባቸው። እጃቸውን የሰጡትንም ረሸናቸው። አዛውንቱ ከአባታቸው የሰሙትን ነው የነገሩን። መሐል ላይ «ይብቃኝ» አሉ። ስልኩን ዘጋን። ቀሪውን በሌላ ቀን ከጠሩን እንሄዳለን፤ ካልጠሩንም አንጎተጉታቸውም።

የካቲት እና መጋቢት

ብል! የመጡትን ባናዎች ዘርግተን ስናይ እጥፋቱ ውስጥ ነጫጭ ትናንሽ ትሎችና እንደ አሸዋ የሆነ ቅንጣት አገኘን። ባና የበግ ጸጉር ነው። ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት፣ ወንዶች የሸመኑት፣ ጥቁርና ቡናማው የበጉ የራሱ ቀለም። ብል ደግሞ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ይህንኑ ነው።

መርዝ መርጨት አልፈለግንም፤ ለሰውም ለጨርቁም አይበጅም። ሌላ መንገድ አለ፤ ማቀዝቀዝ። ጨርቁ በፕላስቲክ በደንብ ይታሸጋል፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ትሉም ዕንቁላሉም ይሞታል። ሲወጣ ፕላስቲኩ ቶሎ አይከፈትም፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ላይ ጤዛ ይይዛል። የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ አንድ ቀን ይቀመጣል።

ፍሪዘር ከየት ይምጣ? መሐል ሜዳ ያለ አንድ ሆቴል ሄድን። ባለቤትየዋ ሳቁና «ጾም አይደል እንዴ፣ ባዶውን ነው የሚሠራው፤ አምጡት» አሉ። ሁዳዴ ባይሆን የሥጋ ቦታ ማን ይሰጠናል! መብራት ስለሚቆራረጥ ቀኑን አራዘምነው። ለፋሲካ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ባናዎቻችን ወጡ።

አሁን በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልለናቸዋል። አቡጀዲው ስታርቹ እስኪለቅ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ መስኮቱም በአቡጀዲ ተጋርዷል። የደጋ ፀሐይ ቀለም ይበላል።

ሚያዝያ

ከፋሲካ በኋላ የታች ሰፈር እናቶች ዕቃውን ለማየት መጡ። አንዲቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ጋኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። በእጃቸው ዳበሱት። ሁለት ጣታቸውን ከከንፈሩ ሥር ከተቱ። ከዚያ ከጆሮው በታች አውራ ጣታቸውን አንድ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ አሳረፉ። ልክ ገባ። እኛ ያን ጎድጓዳ ከዚያ በፊት አላስተዋልነውም።

«ይሄማ የእናቴ እጅ ነው» አሉ።

እናታቸው ጆሮውን ሲያጣብቁ በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገው ይጫኑ ነበር፤ ጋኑ በሙላቱ ሲነሳ እንዳይገነጠል። ሌሎቹ ሸክላ ሠሪዎች በጭቃ ደርበው ያለሰልሱት ነበር። እሳቸውም የእናታቸውን መንገድ ነው የያዙት። ቁጭ ብለው ሁሉንም ነገሩን። ጭቃው ከየት ገደል ሥር እንደሚቆፈር፣ የተሰበረ ሸክላ ተወቅጦ ለምን እንደሚቀላቀልበት፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ብቻ እንዴት እየዞሩ እንደሚያቆሙት፣ በጠጠር እንዴት እንደሚወለወል፣ በኩበትና በእንጨት ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚተኮስ። ዝናብ ያዘለ ነፋስ ከመጣ የወር ልፋት በአንድ ምሽት ይሰነጠቃል። በግራዋ ማጠቡና በወይራ ማጠኑ ግን የገዢው ሥራ ነው።

መዝገቡን አመጣሁ። «የእናትዎን ስም ይንገሩኝ፤ እዚህ ላይ ልጻፈው» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ስሟን ጽፈህ ምን ልታደርግ ልጄ? ሰው ጋኑን ይወዳል፤ እኛን ግን ምን እንደሚሉን ታውቃለህ» አሉ።

አውቃለሁ። በአገራችን ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ ይባላል። ዕቃው ቤት ይገባል፤ ሠሪው ግን ከደጅ ይመለሳል። ጋብቻ አይፈቀድም፤ ቀብር ላይ እንኳ ጥግ ነው የሚሰጣቸው። የዚያች ዐምድ ባዶነት የመርሳት ብቻ አልነበረም። ሳይጠየቅ የኖረ ስም ነው። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የነገሥታቱን ስም በዘር ማንዘራቸው አስቆጥራለሁ፤ ይህን ጠላ ለጠጣ ሰፈር ሁሉ ጋኑን የሠሩት ሴት ስም ግን በጓዳ እንዲቀር አልፈልግም።

አልጫንኳቸውም። ጉዳዩን ለእድሩ አቀረብኩ። ውይይቱ ቀላል አልነበረም፤ «ይቅር፣ ሰው ይጣላል» ያሉም ነበሩ። የጋኑ ሰጪ አባት ተነሥተው «በእኔ ሠርግ የተጠጣው ከዚህ ነው። ስሟ ይጻፍ፣ ከእኔ አያት ስም በላይ ይጻፍ» አሉ። ከዚያ በኋላ የተቃወመ የለም። እሳቸው ራሳቸው እሑድ ታች ሰፈር ወርደው ለመኗቸው።

እናትየዋ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ተመልሰው መጡ። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የእኔው ተማሪ። ስሙን በራሷ እጅ ካርዱ ላይ ጻፈችው። እዚህ አልጠቅሰውም፤ የመጣ ሰው ግን ያነበዋል። ከጋኑ ፊት፣ ከሁሉ በላይ በትልቁ ተጽፏል።

ወሬው ተሰማ። በሳምንቱ የማረሻው ቀጥቃጭ ልጅ መጣ።

ግንቦት

ክረምት ሳይገባ ክዳን። ያ የጓሳ ክዳን ቤት በአንድ በኩል እያፈሰሰ ነው።

የጓሳ ሣር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው የጓሳ ምድር ይበቅላል። አባቶቻችን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ይሆነዋል ይባላል። የሁለቱ ቀዳሚ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ተወላጆች በአለቃቸው አማካይነት ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ለማጨድ ይወጣል። ሥርዓቱ ከርስት ጋር የተያያዘ ስለነበር ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ፈረሰ። ዛሬ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ይጠብቀዋል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስካሁን ያሉትም ሣሩ ስለተጠበቀ ነው። እኛም ለኮሚቴው አመልክተን፣ ተፈቅዶልን፣ የበጋው አጨዳ ላይ ነዶ አስቀምጠን ነበር።

ክዳን የሚያውቁ ሁለት አዛውንት ናቸው የቀሩት። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ነው የሚደረድሩት፤ የላይኛው ነዶ የታችኛውን ቋጠሮ ይሸፍናል። ማሰሪያውም ከዚያው ከጓሳው የተገመደ ነው። አዛውንቱ ገመዱን ጭናቸው ላይ ሲያሹት ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹ። አንዱ ልጅ ሞክሮ እጁ ተላጠ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ነበረን። ጓሳ ክዳን ጭስ ይፈልጋል። ምድጃ ያልነደደበት ቤት ክዳኑ ይረጥባል፣ ተባይ ይገባበታል። ጭስ ደግሞ ለባናውና ለወረቀቱ ጠላት ነው። ስለዚህ ለየናቸው። ዕቃው በሙሉ በቆርቆሮው መጋዘን ይሁን፤ ጓሳ ቤቱ ባዶ ሆኖ እሳት ይንደድበት። መደቡን በእበት ለቅልቀን አድሰናል። ድምፅ የሚቀዳው፣ ቡና የሚፈላው፣ ታሪክ የሚጻፈው እዚያ ነው። አንዳንዶች «ባዶ ቤት ምን ይታያል?» ብለዋል። እኔ ግን ከሁለቱ የማስበልጠው ጓሳ ቤቱን ነው።

ሰኔ

መጋዘኑን በሦስት ከፈልነው፦ ገብስ፣ በግ፣ ጓሳ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃውን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ነው የሚያሳየው፤ በጣም የምወደው አደራደር ነው። የእኛ ሰው ግን ወዲያው የሚገባው በሥራው ሲሆን ነው። ገብስ ጋ ሞፈሩ፣ መንሹ፣ መጁ፣ ጋኑ። በግ ጋ እንዝርቱና ባናው። ጓሳ ጋ ገመዱና ገሳው። ወረቀቶቹ በፎቶ ብቻ በአንድ ግድግዳ ላይ ናቸው። የዘረቱን ቅጂ አልሰቀልንም፤ አዛውንቱ ገና አልጨረሱም።

በሩ የሚከፈተው ቅዳሜና የበዓል ቀን ነው። ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ አለ። አስጎብኚዎቹ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ጋኑ ጋ የምትቆመው የታወቀች ናት።

የቀረው ሥራ፦ ከዝናቡ በፊት የመጋዘኑን ቦይ መጥረግ፣ መደርደሪያዎቹን ከግድግዳው አንድ ክንድ ማራቅ፣ ባናዎቹን በየወሩ ዘርግቶ ማየት። «ማን ሠራው?» የሚለው ዐምድ ላይ ገና ብዙ ባዶ አለ፤ የሞሰቡ፣ የቀንበሩ፣ የቁርበቱ። ለቁርበቱ ፋቂውን የሚያውቁ አንድ ሰው ማማ ምድር አሉ ተብለናል። መንገዱ ጭቃ ሳይሆን፣ ሰኔ ሳያልቅ እንሄዳለን።